የሚዘጋና የሚከፈት ተራራ

ሸዋ ሮቢት ላይ ኅዳር ማሽላ የሚታጨድበት፣ ቀትር ላይ ጥላ የሚፈለግበት ወር ነው። በዚያው ወር ከበላይ ባለው ተራራ ሌሊቱን ሣሩ ላይ ውርጭ ሲጋገር ያድራል። ተራራው በመንዝ ያለው ጓሳ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ካለችበት ከይፋት ቆላ ቀና ብሎ ለሚያይ ቅርብ ይመስላል፤ በመኪና ግን ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር መውጣት፣ ከዚያም ወደ መዘዞና መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ያስፈልጋል።

በፈረንጅ አገር ተራሮች የወቅት ሠራተኛ የሚባል አለ። በረዶ ሲጥል ወደ ስኪ መንደሩ ወጥቶ ያበስላል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ስኪ ያከራያል፤ በረዶው ሲቀልጥ ወደ አገሩ ይመለሳል። እኛ የስኪ ተራራ የለንም። በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ ስኪን የተማረው በልጅነቱ በሄደበት በአሜሪካ ነው። ብርድን ተከትሎ እንግዳ የሚመጣበት ተራራ ግን አለን። ጓሳ ክረምቱን በዝናብና በጉም ተሸፍኖ ይከርማል፤ ጎብኚ የሚበዛበት ሰማዩ የሚጠራበት በጋ ነው፤ ሌሊቱ ክፉኛ የሚበርደውም ያኔ ነው።

ማረፊያው የአካባቢው ሕዝብ የራሱ የሆነ ትንሽ ሎጅ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ጧት መጀመሪያ የሚያስበው እሳት ማንደድ ነው። ለዚህ ብርድ የተሠራው ልብስ ከመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ባና ነው፤ ከውጭ የመጣ ጃኬት የለበሰ እንግዳም ማታ ማታ ባናውን ይፈልገዋል። እንግዳ የሚመራው ጠባቂ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ለመውጣት አይቸኩልም። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያድረው ገደሉ ግድግዳ ላይ ነውና ወደ ሜዳው የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ከወጣ በኋላ መንጋው በሙሉ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይውላል። ቁጭ እንዳለ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይነጫል።

ዕድል የቀናው እንግዳ በዚያ መንጋ መካከል ቀይ ቀበሮ ሲራመድ ያያል። ቀበሮው የጭላዳዎቹን ግልገሎች አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ እንዳያስደነግጣቸው ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ይፈልጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ እዚሁ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሆኖ ካደረገው የአደን ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ አዋቂ ቀይ ቀበሮ እንደቀረ ለሚያውቅ ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ የቆየው ግን በሎጁ አይደለም። መንዝ ጓሳን በሕግ መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ነበሩ፤ የእነሱ ዘሮች በአጽመ ርስት መብት ጓሳውን ሲጠቀሙ ቀሮ የሚባል ሥርዓት አቆሙ። የአስቦም የጌራም ዘሮች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር። በአለቃው ትእዛዝ ጓሳው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ሣር አይታጨድም፣ እንጨት አይለቀምም ነበር። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ተራ ገብቶ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ወራት ይከፈት ነበር፤ የሚከፈትበት ቀንም በየደብሩና በየገበያው ይነገር ነበር። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛው ከዝናብ ለሚጠለልበት ጌሳ የሚሆነው ሁሉ ይታጨድ ነበር። ሐምሌ 5፣ በሐምሌ አቦ፣ ከብቱ ወጥቶ ጓሳው መልሶ ይዘጋ ነበር።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ። መሬት ላራሹ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ፤ ለሁሉም ክፍት ሆነና ሣሩ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው በመንግሥታዊ አደረጃጀት ውስጥ ጥበቃውን እንደገና አዋቀረ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ ተወካዮቹን መረጠ። ዘለዓለም ተፈራ (ዶ/ር) ይህን ታሪክ በጥልቀት ያጠኑ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው፤ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲም ለጥበቃው ሥራ ድጋፍ ሰጥቷል። ሎጁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ድረስ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። መንገድ ሲዘጋ እንግዳ ይቀራል። የጓሳ ጥበቃ በእንግዳ ገንዘብ ላይ ብቻ ቢመሠረት ኖሮ ከእንግዳው ጋር ይቀር ነበር። የቀሮ ጠባቂ ግን ጎብኚ አይቶ አያውቅም፤ የጠበቀው ሣሩ የራሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለጓሳ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የባለ ሣሩን መብት ማጽናት አለበት፤ ሎጁን ማሳመር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይፋትም በዚህ ነገር ድርሻ አላት። የጓሳ መሬት ክረምቱን የጠጣውን ውኃ በጋውን ቀስ እያለ ይለቀዋል። የምዕራቡ ወራጅ ወደ ዓባይ፣ የምሥራቁ በቆላው በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከገደሉ ሥር ሽንኩርትና ማሾ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ላይ ያለው ጓሳ ሲራቆት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ጎርፉ ድንጋይ ይዞ ማሳው ላይ ይወርድበታል፣ በጋውንም ወንዙ ይሳሳበታል። የቆላው የመስኖ ማኅበራት የጓሳን ጠባቂዎች ደመወዝ በከፊል ቢችሉ፣ ወኪላቸውም ጓሳ ይዘጋ ይከፈት ተብሎ በሚመከርበት ጉባኤ ቢቀመጥ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።