ዕቃ በገበያ የሚወደደው በምንድን ነው?

ገበሬ ማረሻ ሲገዛ የሚያብለጨልጨውን ሳይሆን መሬት የሚሰነጥቅለትን ይመርጣል። ለዘመናዊ ዕቃም ሚዛኑ ይኸው ነው።

ፊልምና ዘፈን ከኢንተርኔት እየተቀበለ በቴሌቪዥን የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አለ። በአሜሪካ ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ኔክሰስ ኪው የሚባለውን አቀረበ። እንደ ኳስ የተድቦለቦለ፣ መልኩ ያማረ ነበር። ዋጋው ግን 299 ዶላር! የሚያጫውተውም የኩባንያውን የራሱን ፊልምና ዘፈን ብቻ ነበር። ሰዎች ነቀፉት። ኩባንያውም ለገበያ ሳያወጣው ቀረ።

በ2013 እ.ኤ.አ. ያው ኩባንያ ክሮምካስት የተባለውን አወጣ። ይህ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ከቴሌቪዥኑ ይሰካል፤ በስልክ ይታዘዛል፤ የሌሎች ኩባንያዎችን ፊልምም ያሳያል። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ገዛው። ምርቱ የቆመው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ ዕቃ ስንገዛ አራት ነገር እንጠይቅ። ዋጋው አቅማችንን ይመጥናል ወይ? አያያዙ ቀላል ነው ወይ? የምንፈልገውን ይሠራል ወይ? የሚሠራበትስ ነገር በቤታችን አለ ወይ? መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ቤት እንዲህ ያለው መሣሪያ ርካሽም ቢሆን ውድ ነው።