ተጨማሪ መረጃ፦ የመኪና ክብደት የሚጠብቀው ማንን ነው?
በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሁለት መኪኖች፣ አንዱ 2,000፣ ሌላው 1,000 ኪሎ ግራም ሆነው፣ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ የከባዱ ፍጥነት በ33 ገደማ፣ የቀላሉ ግን በ67 ገደማ ኪሎ ሜትር በሰዓት በቅጽበት ይለወጣል። ስለዚህ ትልቅ መኪና ተሳፋሪውን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ እውነትነት አለው። ጥበቃው የሚገኘው ግን ጉዳቱን ወደ ሌላው በማዛወር ነው። ሁሉም ሰው ከባድ መኪና ቢነዳስ? ያኔ የክብደት ብልጫው ይጠፋል፤ መከለያ የሌላቸው እግረኞችና ብስክሌት ነጂዎች ደግሞ ለባሰ አደጋ ይጋለጣሉ።

የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ የተሻለውን መንገድ አሳይታለች። የፍጥነት ወሰን ቀነሰች፣ ከመሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎችን አነሳች፣ የብስክሌት መንገዶችን ዘረጋች። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሆነ፣ ፍጥነትን ከ50 ወደ 30 ማውረድ ጉልበቱን በ64 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም መኪና፣ እግረኛውንም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦስሎ በትራፊክ አደጋ የሞተው አንድ አሽከርካሪ ብቻ ነበር፤ እግረኛም ሆነ ብስክሌት ነጂ አልሞተም። ሁሉንም የሚጠብቀው የመኪና ግዝፈት ሳይሆን የፍጥነት ልክ ነው።