የጉና ዝናብ፣ የፎገራ ጎርፍ

ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ የሄደ ሰው ጉማራን ያውቀዋል። ወንዙ በክረምት ቀዩን አፈር ተሸክሞ ሲወርድ፣ ያ አፈር የማን ማሳ እንደነበረና የማን ደጅ ላይ እንደሚያርፍ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ጉማራ የሚነሣው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው፤ ከዚሁ ተራራ የሚነሣው ርብም እንደ እሱ ወደ ጣና ይወርዳል። ሐይቁ ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሁለቱንም ውሃ ይቀበላል።

ሜዳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ከደጋው የታጠበው ደለል ሜዳው ላይ ሲደርስ ይረጋል፣ የወንዙ ወለል በየዓመቱ ከፍ ይላል፣ ውሃውም ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። ጣና ራሱ ሞልቶ ከጠበቀው ደግሞ መሄጃ ያጣል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. አገሪቱ የድሬዳዋንና የኦሞን ጎርፍ ስታለቅስ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎችም በውሃ ተውጠው ነበር።

የሜዳው ገበሬ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣው ሩዝ፣ ጤፍ የሚያበሰብሰውን ውሃ ለእህል አዋለው። ለሩዙ ዝርያ ስሙን የሰጠችው የደራ ወረዳዋ ጅግና ናት፤ «ኤክስ ጅግና» ይሉታል። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በእኔ ግምት ፎገራ ካያቸው የአደጋ ዝግጅቶች ሁሉ እንደ ሩዝ የሠራ የለም፤ ያውም «የአደጋ ዝግጅት» ብሎ የጠራው ሳይኖር።

የመንግሥቱ የአደጋ መከላከያ መዋቅር ግን የተወለደው ከጎርፍ ሳይሆን ከድርቅ ነው። የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ያኔ የታወቀው መንገድ የተራበውን መጠለያ ሰብስቦ መመገብ ነበር። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ የደቡብ ጎንደሯ እብናት አይታለች፤ በ1977 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሰፈረበት መጠለያ ተገፍቶ ተበተነ፣ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የ1986ቱ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ዕርዳታን ከልማት ጋር አያያዘ፤ መሥራት የሚችል ሠርቶ ይረዳ አለ። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የእብናትን፣ የስማዳንና የላይና ታች ጋይንትን ገበሬዎች በእርከን ሥራ አሰማራ። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የ2005ቱ ፖሊሲ ደግሞ ኃላፊነቱን ለየመሥሪያ ቤቱ አካፈለ። ኮሚሽኑ ስሙ ብዙ ጊዜ ቢቀያየርም ሥራው ቀጥሏል።

የወረዳ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ የሚመለከተው ዝናብን ብቻ አይደለም። ገበያ ይወጣል። ፍየል ረክሶ እህል ከተወደደ፣ ሰው ከብቱን አውጥቶ ቀለብ እየገዛ ነው ማለት ነው፤ ረሃቡ ገና ወራት ቢቀረውም እግሩ ታይቷል። ምልክቱ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ለድርቅ ይህ መሰላል ይበቃል፤ ጊዜ አለና።

ጎርፍ ግን ወር አይሰጥም። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ጽሕፈት ቤት በክረምት ለርብና ለጉማራ የጎርፍ ትንበያ ያወጣል። የባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ወንዞቹን በሚሻገርበት አካባቢም የውሃ መለኪያ አለ። ቁጥሩ ስላለ ችግሩ ትንበያ ማጣት አይመስለኝም። በዚያው የድርቅ መሰላል ወደ ቀበሌ የሚወርድ ማስጠንቀቂያ ግን ከውሃው ኋላ ሊደርስ ይችላል። አርብ ማታ የተጻፈ ደብዳቤ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ማንንም አያድንም። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው የሚያስፈልገው ከብቱን ወደ ከፍታ ለመንዳት፣ እህሉን ቆጥ ላይ ለመስቀል፣ አሮጊቷን እናቱን በታንኳ ለማውጣት የሚበቃ ሰዓት ነው።

የጉናው እርከንም ከጎርፍ መከላከል ሥራ ይቆጠራል። በጥርና በየካቲት የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ለደጋው ገበሬ አፈሩን፣ ለፎገራው ደጁን ይጠብቅለታል። ሁለቱ ግን በአንድ ስብሰባ ሲቀመጡ ብዙም አይታይም።

ስለዚህ ለወረዳ አመራሮች የምለው ይህ ነው፦ ግንቦት ሳያልቅ የደጋውን የፋርጣን፣ የደራንና የሜዳውን የፎገራን የቀበሌ ሊቃነ መናብርት አገናኙ፣ ስልክ ይለዋወጡ፤ በየጎጡም ማታ ስልኩን የማይዘጋ ሰው ይመደብ። ደብረ ታቦርና ወንዛዬ ያላችሁ አንባብያንም፣ በነሐሴ ሌሊት ጉና ላይ ዶፍ ሲወርድ ከሰማችሁ ሜዳ ላሉት ዘመዶቻችሁ ሳይነጋ ደውሉ።