የሚታረስና የሚጠበቅ መሬት በኮን ደጋ

ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ገብስ የሚዘራበት ደልዳላ ደጋ ነው፤ ዳርቻው ግን ዋድላን ከደላንታ ወደሚለየው ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ መሬትን «ይህ ይልማ፥ ያ ይጠበቅ» ብሎ መመደብ በዚህ አገር የገበሬውን እንጀራና የከብቱን ሣር የሚነካ ነገር ነው።

መንግሥት በመሬት ላይ ያለው ሥልጣን በየዘመኑ እየሰፋ መጥቷል። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ደንንና የግጦሽ መሬትን ከመንግሥት ሀብት ቈጠረ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ።

ምደባውን በቍጥር የገለጸው በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 456 ሲሆን፥ መለኪያውም የመሬቱ ተዳፋትነት ነበር። ከ30 በመቶ በታች ያዘነበለው መሬት አፈሩና ውሃው እየተጠበቀ እንዲሠራበት፥ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ ዓመታዊ ሰብል እንዲዘራበት፥ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ግን እርሻና ልቅ ግጦሽ ቀርቶበት ለዛፍ፥ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል አዘዘ። 60 በመቶ ማለት በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 60 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ማለት ነው።

መለኪያው ለአፈር የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ በወሎ ብዙ ኮረብቶች ተከለሉ፤ ሠራተኛውም የድካሙን ዋጋ በእህል እየተቀበለ ዛፍ ተተከለባቸው። ሕዝቡ ግን ደኑን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ ስላልቈጠረው፥ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ተቈረጠ። በአንጻሩ በሰሜኑ ደጋ ከጥንቱ ጽድና ወይራ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ወሰኑም ጠባቂውም በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነውና።

ተዳፋትነት የመሬቱን ጠባይ ይነግራል፤ መሬቱን ማን እንደሚጠብቀው ግን አይነግርም። ስለሆነም አንድ ዳገት ሲከለል ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፥ እንጨቱን እነማን እንደሚካፈሉ፥ በሬውን የሚያሰማራበት ሌላ መስክ የሌለው ገበሬም በምን እንደሚኖር አብሮ ሊወሰን ይገባል። ይህ ሳይወሰን የቀረ እንደ ሆነ የተከለለው ዳገት የሚቈየው ዘበኛው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።