ዘማቹን የሚመልሰው ምንድን ነው?

በማኅበራዊ ሥራ ሙያችን ስለ ቀድሞ ወታደር የምንሞላው ቅጽ ምን እንደተሰጠው ይጠይቃል፦ ስንት ብር፣ ስንት ኩንታል እህል፣ በሬ ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም። ሰፈሩ ምን ኃላፊነት እንደሰጠው ግን አይጠይቅም። እኔ ዘማችን ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ የሚመልሰው ይህ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጹ ብቻ አይደለም፤ ወለጋም ብትሆን ዘማቾቿን የምታነሳው በውጊያቸው ነው። ሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች እንዴት እንደተቃጠሉና ጄኔራል ማሊዮኮ እንዴት እንደተገደለ ይተረካል፤ የነጆው አብዲሳ አጋ በጣሊያን ምድር ያደረገው ውጊያም እንዲሁ። ዘማች ከጦርነት በኋላ ልጅ እያሳደገ፣ ጎረቤት እያስታረቀ የሚኖርበትን ረጅም ዘመን የሚተርክ ግን ጥቂት ነው።

ማስረጃዬ 1983 ነው። በዚያ ዓመት የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ450 ሺህ በላይ የተበተኑ የደርግ ወታደሮችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሸክም ነበረበት። ብዙዎቹ የገቡት ወደ ገጠር ነው። ቀለቡንና ዘሩን ኮሚሽኑ ሰጠ፤ መሬቱን ግን የሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነው፣ ማለትም ራሱ መሬት የጠበበው ጎረቤት። በባኮና በሲሬ መካከል እንደምትገኘው አኖ ባለ የበቆሎ አገር ማሳ ያገኘ ሰው በሬ ባይኖረው በደቦ ይታረስለታል፤ እሱም ተራው ሲደርስ ለሌላው ይወጣል። ተረጂነቱ የሚያበቃው በዚህ ጊዜ ነው። እድሩ ገንዘብ ያዥ አድርጎ ከመረጠው፣ ሽማግሌዎችም ለጃርሱማ (ለሽምግልና) ከጠሩት፣ «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም ቀስ በቀስ በሌላ ስም ይተካል፤ ልጆቹም አባታቸውን በዚህኛው ያውቁታል።

«ይህ ሐሳብ መንግሥት ግዴታውን በደሃ ገበሬ ትከሻ ላይ እንዲጥል ሰበብ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ስጋት ነው። ግን የሚበላው የሌለው ሰው የእድር መዋጮ ከየት ያመጣል? ድጋፉ መቅደም አለበት፤ ብቻውን በቂ ነው ማለት ነው ስህተቱ። ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳን፣ በትንሽ ነገር እጁን የሚያነሳን ሰው ኃላፊነት አያድነውም። እውነት ነው፤ እሱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል። ደግሞም አደባባይ ላይ የተመሰገነ ሰው ቤቱ ሲገባ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእድሩ ሊቀመንበር የሚሰጠን ምስክርነት ብቻውን አያስተማምንም። የዘመቻውንም የመመለሱንም ዓመታት ዋጋ የከፈለችው ሚስቱ ናት፤ ባሏ በሌለበት፣ ለብቻዋ መጠየቅ አለባት።

ዛሬም ተመሳሳይ ሥራ ከፊታችን ነው፦ የሰሜኑን ጦርነት ካቆመው የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቅዷል። በየወረዳው ይህን ሥራ የምንሠራ ባለሙያዎች ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ወደ እድሩና ወደ ሚስቲቱ እንሂድ፤ ክፍያው ካለቀ ከዓመት በኋላም ተመልሰን እነዚያኑ ሰዎች እንጠይቅ።