በሳጥን የመጣ አውሮፕላን

ሳጥኑ ሲከፈት አውሮፕላን የሚመስል ነገር አይታይም። የተደራረበ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በትንንሽ ከረጢት የተቋጠረ ሪቬት፣ አንድ ወፍራም መመሪያ፤ በቃ። ክንፍ የለ፣ ሞተር የለ። የመጀመሪያው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው የጅራቱን ክፍል ብቻ ነው። ጅራት ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል። ገዢው ይህ ሥራ ይሆነኝ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ኪሱን ሳያራቁት ይመልስበታል። ጅራቱን ጨርሶ እዚያው ላይ የቆመ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሜሪካውያን በቤታቸው ጋራዥ ከሚሠሯቸው አውሮፕላኖች መካከል ስሙ የገነነው «አርቪ» ነው። ኦሪገን ውስጥ የሚገኘው የቫንስ ኤርክራፍት መሥራች ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለራሱ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ሌሎችም እንደሷ ያለ አማረን ሲሉት ክፍሎቹን እያዘጋጀ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ተሠርተው የበረሩት አርቪዎች ከ11,000 በልጠዋል።

ሕጉ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል። ይህ ዓይነቱ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ራሳቸው አማተሮቹ፣ ለትምህርታቸው ወይም ለመዝናኛቸው ብለው ከሠሩት ነው። ሠሪዎቹ «የ51 በመቶ ደንብ» ይሉታል። በአፍ ማለት ደግሞ አይበቃም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሽት ይመዘገባል፦ ቀኑ፣ የተሠራው ክፍል፣ የፈጀው ሰዓት፣ ከጎኑም ፎቶ። ፎቶው ውስጥ ላሜራው ብቻ ሳይሆን መሣሪያ የያዘው ሰውም ቢታይ ይመረጣል። ሠሪው በኋላ አውሮፕላኑን በየዓመቱ ራሱ መርምሮ እንዲፈርም የሚያስችለውን የምስክር ወረቀት ሲያመለክትም ይኸው መዝገብ ይጠቅመዋል። ያው አውሮፕላን ቢሸጥ ይህ መብት ለገዢው አይተላለፍም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንዲት ሪቬት ትበቃለች። ቀዳዳው ይበሳል፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ሹል ብረት ይጠረጋል፤ ጣት ሲሄድበት ምንም መያዝ የለበትም። ከዚያ የሪቬቷ ራስ ከላሜራው ጋር እኩል እንዲተኛ ቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ጎድጎድ ይደረጋል። አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ በአየር ግፊት የሚሠራውን መዶሻ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ድፍን ብረት ደግፎ ይቆማል። ጠጠጠጠ ይላል፣ ያበቃል። የሪቬቷ ጭራ ተጨፍልቆ ስፋቱ የመጀመሪያ ውፍረቷን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ግማሹን ያህል መሆን አለበት። ከተጣመመች በድሪል ወጥታ ሌላ ትገባለች። ይህ በአንድ አውሮፕላን ላይ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ከውስጥ ብረት የሚደግፈው ሰው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፣ አለዚያም ልጅ ወይም ጎረቤት። ለዚህ ነው «አውሮፕላኔን ብቻዬን ሠራሁት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትንሽ የምጠራጠረው።

እንደ እኔ እምነት የዚህ ሥራ ዋናው ጉልበት ለሌላ ዓይን መጋለጡ ነው። ፖል ፖበረዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 ሚልዋኪ ውስጥ በቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችን ማኅበር ሲያቋቁም ነገሩ ገብቶት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ መጽሔት ላይ ሞተሩን ጨምሮ ከ800 ዶላር በታች የሚያስወጣ አውሮፕላን አሠራር በተከታታይ ጽፎ ሺዎችን አነሣሣ። ማኅበሩ ዛሬም ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ወደ ሰው ጋራዥ በነጻ ሄደው ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ያያሉ።

የብዙ ዓይን ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2023 በራሱ በቫንስ ላይ ታይቷል። ለተወሰነ ጊዜ በሌዘር የተቆረጡ ክፍሎች ለደንበኞች ተልከው ነበር። ሠሪዎቹ ቀዳዳዎቹን ሲያጎደጉዱ ጠርዛቸው ላይ ስንጥቅ አዩ። ጋራዡን ዘግቶ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያይ የራሱ እጅ ጥፋት ይመስለው ነበር። ስንጥቁ በየቤቱ መታየቱ ሲታወቅ ግን ጉዳዩ የፋብሪካው ሆነ። ክፍሎቹን የመተካቱ ወጪ ከሌሎች ችግሮች ጋር ተደማምሮ ኩባንያውን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ አደረሰው። በ2024 እንደገና ተደራጅቶ ወጥቷል።

ዓይን ያየውን ሁሉ ማረም ግን አይቻልም። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ የተከሰከሰበት ሎንግ-ኢዜድ የተባለ አውሮፕላን ሌላ ሰው በእጁ ሠርቶት እሱ የገዛው ነበር። ሠሪው የነዳጅ መቀየሪያውን በንድፉ ከታዘዘው ቦታ አንሥቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ አድርጎት ነበር። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ አብራሪው እሱን ለማዞር ዞር ሲል ሳያስበው አውሮፕላኑን ከቁጥጥሩ ሊያወጣ ይችል ነበር። ደንቡ አዲስ አውሮፕላን እንደ ሞተሩ ዓይነት በተለምዶ 25 ወይም 40 ሰዓት ያህል ከተመደበለት ክልል ሳይወጣ ተሳፋሪ ሳይዝ እንዲበር የሚያዘው በከንቱ አይደለም።

በእኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩ አውሮፕላን ሲሠራ ሳጥን የላከለት ፋብሪካ አልነበረም። የተማረው ሌሎች ሰዎች ከለቀቋቸው የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ነው። በእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ኬ-570ኤ» ያላት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2015 ሰንዳፋ ላይ ለመነሣት ሞክራ ሳይሳካላት ቀርቷል። ለእሱ በሳጥን የሚላክ የክፍሎች ስብስብ (ኪት) ቢገኝለት ኖሮ የሚለውን ማሰብ አልተውም፤ እጁ የጎደለው አይመስለኝም።

አሜሪካ የምትኖሩና ይህ ነገር ልባችሁ ውስጥ የገባ አንባቢዎች፣ ኪቱን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለውን የአውሮፕላን ሠሪዎቹን ማኅበር ቅርንጫፍ ፈልጉና አንድ ቅዳሜ የሌላ ሰው ክንፍ ውስጥ ብረት ደግፉ። ካልሰለቻችሁ ጅራቱን ብቻ እዘዙ። ፎቶውን ግን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምራችሁ አንሡ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ኢንስፔክተር መጠየቁ አይቀርም።