ሽምብራን የሚያደርቀው የውሃ ጥም ብቻ አይደለም

በጥቁር አፈር አገር ሽምብራ የሚዘራው የክረምቱ ዝናብ ሲቀንስ ነው። የሚያድገውም መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ስለዚህ ሲጠወልግ ብዙ ገበሬ «ውሃ አጠረው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ፣ ጎረቤቱ ተክል ለምልሞ ሳለ፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ተለይቶ ሲደርቅ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው።

በምን እንለየዋለን? የጠወለገውን ተክል ከነሥሩ ንቀሉት። ሥሩ ከላይ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። ሥሩንና የግንዱን ታችኛ ክፍል በቢላዋ ቁልቁል ሰንጥቁት። መሐሉ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ አጠውልግ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ለመሆኑ ጠላቱ ማን ነው? ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ፣ ማለትም የሻጋታ ዓይነት ነው። በጣም ደቃቅ ነው። ወፍራም ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል። ሽምብራ ባይዘራበትም እስከ 6 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። የሽምብራ ሥር ሲያድግ ስኳርና ሌላም ነገር ወደ አፈሩ ያፈሳል። ፈንገሱ ይህን ሲያገኝ ይነቃል፤ እንደ ክር ያለ አካል አውጥቶ ወደ ሥሩ ያመራል። የሥሩን ቆዳ የሚያሟሟ ነገር እያመነጨ ይገባል። ከዚያም ውሃ ወደ ላይ በሚወጣባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይራባል።

ታዲያ ሽምብራው ዝም ብሎ ያያል? የለም፣ ይዋጋል። በተወጋበት ቦታ ግድግዳውን ያወፍራል። ፈንገሱን የሚጎዳ መርዝ ያዘጋጃል። ጠላት የገባበትን ቧንቧም እንደ ሙጫ ባለ ነገር ይደፍናል። ፈንገሱ ግን መርዙን የሚያፈርስበት መላ አለው። ሽምብራው ከዘገየ ጠላት ብዙ ቧንቧ ይይዛል። ያኔ በፈንገሱና በራሱ ሙጫ ቧንቧው ሁሉ ይዘጋል። ተክሉም እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ የሚባለው ጠላቱን ቶሎ አውቆ ቶሎ የሚመክት ነው።

አንዴ ከጠወለገ በኋላ ውሃ ማጠጣት ወይም ቅጠሉ ላይ መድኃኒት መርጨት አያድነውም። ሥራው ከመዝራት በፊት ነው።

1ኛ. በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ዝሩ። ፈንገሱ ራሱ ብዙ ዓይነት ስለሆነ፣ አንድ ቦታ የተቋቋመ ዝርያ ሌላ ቦታ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ በአካባቢያችሁ የተፈተነውን ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጠይቁ።

2ኛ. ከታመመ ማሳ ዘር አታስቀሩ። በሽታው በዘርም ይተላለፋልና።

3ኛ. በታመመው ማሳ ላይ ሽምብራ አትደጋግሙ። በምትኩ ጤፍ ወይም ስንዴ ዝሩበት። ምስርና አተር ግን ሳይታመሙ ፈንገሱን ተሸክመው ሊያቆዩት ስለሚችሉ ጥሩ ምትክ አይደሉም።

4ኛ. የደረቀውን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉ። ከታመመው ማሳ የወጣውን ማረሻም አፈሩን ጠርጋችሁ ወደ ሌላው ማሳ ውሰዱ።

ይህ ፈንገስ ድንበር አያውቅም። በማረሻ፣ በእግርና በጎርፍ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ ተጠንቅቆ ሌላው ቸል ቢል ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጎረቤቱ ይህን ያንብብለት፤ ዘር ከመምረጣችሁም በፊት ተሰብስባችሁ ተመካከሩበት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።